የቦብ ዲለን «ሞደርን ታይምስ»፦ ወጥ ሥራ ወይስ የተዋሰ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው የቦብ ዲለን «ሞደርን ታይምስ» አድማጮችን ለሁለት ከከፈሉ የሮክ አልበሞች አንዱ ነው። አንደኛው ወገን ዘፋኙ በ65 ዓመቱ ያበረከተው ታላቅ ሥራ አድርጎ ሲቆጥረው፣ ሌላኛው ዜማው ከአንዱ፣ ስንኙ ከሌላው የተለቀመ ስብስብ ነው ይላል። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ሲገባ፣ ዲለን እዚያ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ከ1976ቱ «ዲዛየር» ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ይህ ስለ ተወዳጅነቱ ይመሰክር ይሆናል እንጂ የወጥነቱን ክርክር አይፈታም።

ከሳሾቹ ማስረጃ አያጡም። የ10ሩም ዘፈኖች ድርሰት በዲለን ስም ተመዝግቧል፤ ሆኖም «ሮሊን ኤንድ ተምብሊን» ሃምቦን ዊሊ ኒውበርን በ1929 ያስቀረጸው፣ መዲ ዋተርስም በ1950 እንደገና የተጫወተው የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የእንጉርጉሮ ሙዚቃ) ዘፈን ነው። «ዘ ሌቪስ ጎና ብሬክ» ካንሳስ ጆ ማኮይና ሜምፊስ ሚኒ በዚያው በ1929 ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ ታላቅ ጎርፍ ካስቀረጹት ዘፈን የተወሰደ ነው። «ዌን ዘ ዲል ጎዝ ዳውን» ቢንግ ክሮዝቢ በ1931 በዘፈነው ዜማ ላይ ተንተርሷል፤ «ቢዮንድ ዘ ሆራይዘን» ደግሞ የ1935ቱን «ሬድ ሴይልስ ኢን ዘ ሰንሴት» ከነአካሄዱ ወርሷል። በብቸኛ የሮክ ድምፃዊነት የግራሚ ሽልማት ያስገኘለት «ሰምዴይ ቤቢ» እንኳ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ወደ ስሊፒ ጆን ኤስተስ የ1930ዎቹ ብሉዝ ይደርሳል።

ግጥሙም ከዚህ አላመለጠም። አልበሙ በወጣ ሰሞን አድማጮች ዘፈኖቹን መስመር በመስመር ሲመረምሩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ይጽፍ የነበረውን የደቡቡን ገጣሚ የሄንሪ ቲምሮድን ሐረጎች አገኙ። «ዌን ዘ ዲል ጎዝ ዳውን» ውስጥ ውድ ሰዓታትን ከአበባ ይልቅ ተሰባሪ አድርጎ የሚያቀርበው ስንኝ ከእሱ የመጣ ነው። እንደ እኔ ግን ይህ ከክሱ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ በቲምሮድ ግጥም ውስጥ ሐረጉ በጌጥ ብዛት ተጨናንቆ ሲገኝ፣ ሻካራው የዲለን ድምፅ በቀስታ ቫልስ ላይ ሲያወጣው ዕድሜው የገፋ ሰው የሚናገረው እውነት ይመስላል።

ሁሉንም ውሰት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የሁለቱም ወገኖች ድክመት ይመስለኛል። «ሮሊን ኤንድ ተምብሊን» ላይ ከሳሾቹ ልክ ናቸው። ርዕሱ፣ ዜማውና የመክፈቻው ስንኝ ከነሕይወቱ የቀድሞዎቹ ነው፤ ዲለን የጨመራቸው ስንኞች ዘፈኑን ወደ ሌላ ቦታ አይወስዱትም፤ ባንዱም የመዲ ዋተርስን ያህል አያስፈራም። «ኔቲ ሙር» ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙና የአዝማቹ ሁለት የመጀመሪያ መስመሮች በ1857 ከታተመ፣ የሚወዳትን ሴት ያጣ ሰው ከሚያለቅስበት ዘፈን ተወስደዋል። ከዚያ በኋላ ክረምቱ አለፈ፣ ወንዙም ሞላ ብሎ ዓለም በዓይኑ ፊት እስክትጨልም የሚዘልቀው የራሱ የዲለን ነው። በስንኞቹ መካከል የብሉዝ ዘፋኙ ሮበርት ጆንሰን ብሉዝን እንደ በረዶ ሲወርድ የሳለበት ምስልም ይገኛል። ቅንብሩን ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ በየስንኙ ስር አንድ ወጥ የከበሮ ምት ብቻውን ሲረግጥ፣ አዝማቹ ሲደርስ ግን በደጋን የሚመቱት አውታሮች ገብተው ዘፈኑን ሲያለሰልሱት ይሰማል። ይህን የመሰለ ቅንብር በ1857ቱ ዘፈንም ሆነ በሮበርት ጆንሰን ቅጂዎች ውስጥ የለም።

አልበሙን የሚዘጋው ወደ ዘጠኝ ደቂቃ የሚጠጋው «ኤይንት ቶኪን» የተከላካዮቹ ምርጥ ምስክር ነው። ሳይናገር ስለሚራመደው ሰው የሚያወራው አዝማች ከስታንሊ ወንድማማቾች የብሉግራስ (የአሜሪካ ተራራማ አገር ባህላዊ ሙዚቃ) ዘፈን የተወሰደ ሲሆን፣ በግጥሙ ውስጥ ደግሞ አውግስጦስ ቄሣር ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ያጋዘው ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በስደት የጻፋቸው ሐረጎች ተበትነዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሰደደ ባለቅኔና የተራራ አገር ዘፋኝ በአንድ መንገደኛ አንደበት ሲናገሩ ስፌቱ አይታይም፤ ውሰቱን የማያውቅ አድማጭ ምንም አይጎድልበትም፣ የሚያውቀው ደግሞ የመንገደኛውን ብቸኝነት በእጥፍ ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ የስም ጉዳይን አይሸፍንም። ተከላካዮቹ የሕዝብ ዘፈን ከጥንትም ሲወራረስ የኖረ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ዲለን ራሱ በ1962 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ከ13ቱ ዘፈኖች የራሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ያኔ ግን ሁለቱን ብቻ ነው የራሴ ያለው። ሌድ ዜፕሊን እንኳ፣ «ሆል ሎታ ላቭ» የተባለው ዘፈኑ ከብሉዝ ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ጋር ፍርድ ቤት አድርሶት በስምምነት የጨረሰው ባንድ፣ ያንኑ የጎርፍ ዘፈን በ1971 ሲጫወት የሜምፊስ ሚኒን ስም ከአባላቱ ስም ጎን አስፍሯል። ልማዱ የጋራ ከሆነ የድርሰት ክፍያው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም፤ አንድ የምስጋና መስመር ቢታከልበት ደግሞ ከዘፈኖቹ ጥራት ቅንጣት አይቀንስም ነበር።

ጃክ ፍሮስት በሚል የብዕር ስም ዲለን ራሱ ፕሮዲውስ ያደረገው ይህ አልበም በድምፅ ረገድ ንጹሕና ያልተጨናነቀ ነው። ያኔ አብሮት በየመድረኩ ይዞር የነበረው ባንድ ዘፋኙን ሳይጋፋ ይጫወታል፤ የቶኒ ጋርኒየር ባስ በተለይ ቀርበው ሊያዳምጡት ይገባል። «ስፒሪት ኦን ዘ ዋተር» ያለቅጥ ረዝሟል፣ «ቢዮንድ ዘ ሆራይዘን»ም ከጨዋታነት አያልፍም። «ወርኪንግማንስ ብሉዝ ቁጥር 2» ግን ለሠራተኛው የመግዛት አቅም መዳከም በዚህ ዘመን ከተዘፈኑት ሁሉ ርኅራኄ የተሞላበት ነው። ለአልበሙ አዲስ የሆነ አድማጭ ከመጀመሪያው ትራክ ይልቅ ከስድስተኛው ከ«ወርኪንግማንስ ብሉዝ ቁጥር 2» ጀምሮ ስምንተኛውን «ኔቲ ሙር»ንና አሥረኛውን «ኤይንት ቶኪን»ን ቢያስከትል ይበጀዋል፤ ሦስተኛውን «ሮሊን ኤንድ ተምብሊን»ን ዘሎ የመዲ ዋተርስን የ1950 ቅጂ በምትኩ ቢሰማ ምንም አይቀርበትም።