አንደርቴል የሎውን ስምንት ወር ከተጫወትኩት በኋላ

አንደርቴል የሎው የተባለውን የኮምፒውተር ጌም ላፕቶፔ ላይ ከጫንኩት ስምንት ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ ማንንም ሳልገድል፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ መንገዴ ላይ የቆመውን ሁሉ እየገደልኩ። ጌሙ ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አንደርቴል ላይ ተመሥርቶ በአድናቂዎች የተሠራ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ በዲሴምበር 2023 በነፃ ተለቋል። ከዚህ በታች የመጨረሻውን ክፍል ስለማነሣ፣ ታሪኩን ሳያውቅ መጫወት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻላል።

የታሪኩ መነሻ አንድ ባርኔጣና አንድ ባዶ ሽጉጥ ናቸው። በዋናው ጌም ሁለት ጭራቆች በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቆመው እነዚህን ዕቃዎች ከሌላ ኮተት ጋር ይሸጣሉ፤ የማን እንደነበሩ ግን በዝርዝር አይነገርም። አድናቂዎቹ ባለቤቱን ፈጥረው ክሎቨር አሉት፤ ከዚያም የጠፉ አምስት ልጆችን ፍለጋ ጭራቆች ወደታሰሩበት ዓለም አወረዱት። ጌሙ ክሎቨር ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም። የአማርኛ ግስ ግን ይህን ሳይለይ አያልፍምና፣ አጠገቤ ተቀምጣ ለምታየው ታናሽ እህቴ ስተረጉም «እሱ» እያልኩ ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ቀን እህቴ «እሷ» ብላ አረመችኝ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እሷ እላታለሁ።

በሥዕል ረገድ ዋናው ጌም ሆን ብሎ ቁጥብ ነበር። ይኛው የነጠብጣብ ሥዕሉን ስልት ሳይለቅ እንቅስቃሴውን አብዝቶታል፤ ተፋላሚዎቹ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሲተነፍሱ፣ ሲቆጡና ሲያፍሩ ይታያል። ከሁሉ የምወደው በረሃው ውስጥ ያለውን የካውቦይ ከተማ ነው። የከተማዋ ሸሪፍ ስታርሎ የገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሰዎች ዓለም የሚያውቀውን ጥቂት ነገር ይዞ ራሱን ጀግና አድርጎ የሾመ ነው፤ አቋቋሙ ራሱ ትወናውን ያሳብቅበታል። ከዚያ የሚቀጥለው የፋብሪካ ክፍል ግን ይንዛዛል፤ በሦስተኛው ዙር እያዛጋሁ ነው ያለፍኩት።

ስለ ክብደቱ ረዘም አድርጌ ልናገር። ጌሙ ቡሌት ሄል ከሚባለው ወገን ነው፤ ትንሿን ልብ በሳጥን ውስጥ እያንቀሳቀሱ ከጥይት ዶፍ ማትረፍ ነው ሥራው፤ በአንዳንድ ውጊያዎች ደግሞ ልቧ ቢጫ ሆና መልሳ ትተኩሳለች። የማይገድል ተጫዋች ደረጃው ስለማያድግ በ20 የሕይወት ነጥብ ተወስኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ምሕረት ማድረግ ጣትን የሚያደክም ውሳኔ ይሆናል። ይህ በተለይ ከሴሮባ ጋር በሚደረገው ውጊያ ጎልቶ ይታያል። ሴሮባ የሟች ባሏን ምርምር ከግብ አደርሳለሁ ስትል ልጇን ያጣች እናት ናት፤ አሁን ደግሞ የክሎቨርን ነፍስ ትፈልጋለች። እኔ ሠላሳ ጊዜ ያህል ተሸንፌያለሁ፤ አንድ ጊዜም ላሸንፍ ጥቂት ሲቀረኝ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ሁሉም ነገር አብሮ ጠፋ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሽንፈቶች የእናቲቱ ሐዘን ክብደት አድርጌ ተቀበልኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሴሮባ ማሰብ ትቼ የጥይቶቹን ቅደም ተከተል ብቻ እሸመድድ ጀመር፤ ውጊያው ባጠረ ኖሮ ታሪኩ ከእጄ ባልወጣ ነበር። ሠሪዎቹ ዋናውን ጌም ጠንቅቆ የጨረሰን ሰው አስበው እንደሠሩት ያስታውቃል፤ ለጀማሪ ሰው አልመክረውም።

በመጨረሻ ክሎቨር ነፍሷን ለጭራቆቹ ነፃነት በፈቃዷ ትሰጣለች። እህቴ ያን ምሽት ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ዋናውን ጌም ከፍቼ ወደዚያ ጠባብ መተላለፊያ ወሰድኳት፤ ባርኔጣው በጌሙ ገንዘብ 350 ተተምኖበት ተቀምጧል። ገንዘቡ ነበረን፤ «አትግዛው» አለችኝ።