ከጅማ ወደ መርከብ ሽርሽር፦ እስከ ቦሌ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን?

ከዱባይ ወደብ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ቤተሰቡን ይዞ ለመሄድ ያሰበ የጅማ ነዋሪ በቅድሚያ የሚወስነው እስከ ቦሌ በምን እንደሚደርስ ነው። በወልቂጤ በኩል ያለው የመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀኑን ይፈጃል፤ ሆኖም ለአምስትና ለስድስት ሰው ወጪው ይቀላል። እኛ ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ሄደን፣ የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ትንሿ ልጃችን እያስመለሳት፣ እናቴም ጉልበቷን እያሸች ነበር አዲስ አበባ የገባነው።

ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ መነሳት ግን የአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አይደለም፤ የጅማውና የዱባዩ በረራ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ሌላ በረራ የማመቻቸት ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ግን ኪሳራው የራስ ነው፤ መርከብም የዘገየ መንገደኛ አይጠብቅም። ስለዚህ አረጋዊ ወይም ሕፃን ላለው ቤተሰብ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። በየትኛውም ቢሄዱ፣ መርከቡ ከሚነሳበት አንድ ቀን ቀድመው ዱባይ ይግቡ፤ ኦማን ደርሶ የሚመለስ ከሆነም የኤምሬትስ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያረጋግጡ።