«የረጅም ጉዞ ኤሌክትሪክ ፓኬጅ» የሚባለውን ከመግዛታችሁ በፊት

በሞተር ሳይክል ወደ ክፍለ ሀገር ለመውጣት የምትዘጋጁ ሁሉ፣ በአንዳንድ የመለዋወጫ መደብሮች «የረጅም ጉዞ ኤሌክትሪክ ፓኬጅ» እየተባለ ከሚቀርብላችሁ ጥቅል እንድትጠነቀቁ ይህን ጽፌያለሁ። ጥቅሉ ባትሪ፣ ባትሪው የሚሞላበትን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን ሬክቲፋየርና ሁለት ተጨማሪ ፓውዛዎችን የያዘ ሲሆን፣ ዕቃዎቹ ለየብቻ ከሚሸጡበት በረከሰ ዋጋ ይገጠማል፤ የወለቀው አሮጌ ዕቃ ግን በልዋጭ ስም እዚያው ይቀራል። ወንድሜ ይህንኑ አስገጥሞ ወደ ጎጃም ሲጓዝ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ መጀመሪያ የፊት መብራቱ አምፖል ተቃጠለበት፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቀመጫው ሥር የአሲድ ሽታ መጣ፤ ባትሪውም ሲወጣ ጎኑ አብጦ ተገኘ።

በኋላ ባትሪውን ስንመረምረው «9 አምፒር ሰዓት» (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) የሚለው ወረቀት ጥጉ ላይ ተነስቶ ስለነበር ላጥነው፤ ከሥሩ «5» የሚል ሌላ ወረቀት ተለጥፎ ኖሯል። ተለጣፊ ማንም ያሳትማል፣ እርሳስ ግን ክብደቱን አይደብቅምና፣ እውነተኛ ባለ 9 የሊድ አሲድ ባትሪ ወደ 3 ኪሎ ግራም ሲመዝን ባለ 5ቱ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ መሆኑን አስታውሳችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ይበልጥ ጉዳት ያደረሰው ግን ሬክቲፋየሩ ነው። የዚህ ዕቃ ሥራ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የሞተሩ ኮይል የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ መለወጥና ሞተሩ ምንም ያህል ቢፈጥን ቮልቴጁን ከ14.5 አካባቢ እንዳያልፍ መገደብ ሲሆን፣ አስመስሎ የተሠራው ርካሽ ዕቃ ግን መለወጡን እየለወጠ መገደቡን ይተወዋል። በቴስተር ሲለካ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ከ16 ቮልት በላይ ይወጣ ነበር፤ አምፖሉን ያቃጠለውም ባትሪውን ያፈላውም ይኸው ነው። ሻጩ «ይሠራል» ለማለት ያሳየው ማረጋገጫ ሞተሩ ሳይነሳ ክላክስ መንፋትና ፍሬቻ ማብራት ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ ቻርጅ ያለው ማንኛውም ባትሪ ያደርገዋል።

ስለዚህ አሮጌው ዕቃ ከመውለቁ በፊት ልኬት ጠይቁ። ሞተሩ ለጥቂት ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ተነስቶ መካከለኛ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ መሆን አለበት። ይህን የሚያሳይ ሞተር ምንም የሚገዛለት ነገር የለም። ከ13 በታች ከሆነ ቻርጅ እየደረሰ ስላልሆነ አዲስ ባትሪ ብትጨምሩም እሱም መንገድ ላይ ያልቃል፤ ኮይሉ፣ ሬክቲፋየሩና በሁለቱ መካከል ያለው ሶኬት መታየት ይኖርበታል። ፓውዛ ከተገጠመም ሁሉንም መብራት አብርታችሁ እንደገና ለኩ፤ ሁለት ባለ 30 ዋት ፓውዛዎች ብቻቸውን 5 አምፒር ያህል ስለሚስቡ፣ ትንሽ ሞተር በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) ሆኖ አይችላቸውም። በወንድሜ ሞተር ላይ በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ መገኘቱን ስናይ ደግሞ ሽቦዎቹ አለመንደዳቸው ራሱ ገረመን፤ እናንተም የፊውዙን ቦታ ከፍታችሁ እዩት፣ ልኩን የጠበቀ ትርፍ ፊውዝም ያዙ።

«ዋስትና አለው» የሚል የቃል ተስፋ ደረሰኝ ካልተቆረጠለት አይጠቅምም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ለተገኘበት ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ቅያሪ ወይም ገንዘብ ተመላሽ የመጠየቅ መብት ስለሚሰጥ፣ በደረሰኙ ላይ የባትሪው ዓይነትና አምፒር ሰዓቱ ተለይቶ እንዲጻፍ አድርጉ፤ «የኤሌክትሪክ ዕቃ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ለክርክር አይበቃም። ቀኑ እንዳያልፍባችሁም ከጉዞው ዋዜማ ይልቅ ቀደም ብላችሁ አስገጥማችሁ ከተማ ውስጥ ንዱበት። አሮጌውን ሬክቲፋየር በልዋጭ አትስጡ፤ በልኬት ደህና ከነበረ በመንገድ ላይ ከአዲሱ ጥቅል ይልቅ የሚያስተማምን መጠባበቂያ እሱ ነው።