ለከፍተኛ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና ምን ይገዛ? ንጽጽር ከደሴ

ከደሴም ከኮምቦልቻም አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። "አይኤልትስ ልፈተን ነው፣ ሊስኒንጉ ግን አስቸገረኝ። መጽሐፍ ልግዛ፣ ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ለአፕ ልክፈል?" አንዳንዱ ደግሞ የካምብሪጁን ሲ1 አድቫንስድ እያሰበ ነው። ሁለቱም ለትምህርትና ለሥራ ማመልከቻ የሚጠየቁ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ናቸው። የሚጠይቁኝ ሰዎች እንግሊዝኛ የማያውቁ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል፤ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ የንባቡን ክፍል ያለ ችግር ያልፋሉ። ድምፁ ሲከፈት ግን ይጠፋባቸዋል።

አብሽሩ፣ ይስተካከላል። ብር ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነፃ ሥራ አለ። የአይኤልትስም የካምብሪጅም ድረ ገጾች የናሙና ፈተና ከነድምፁ ከነመልሱ በነፃ ያስቀምጣሉ። አንዱን አውርዱ። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሳታቋርጡ ሥሩት። ከዚያ አርሙ። በተሳሳታችሁት በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ ቃሉን ጭራሽ አላውቀውም፤ አውቀዋለሁ ግን ሲነገር አልሰማሁትም፤ ሰምቼዋለሁ ግን ተታለልኩ።

ምን እንደምትገዙ የሚወስነው ይህ ነው። ቃሉን የማታውቁት ከሆነ የማዳመጫ ኮርስ አያድናችሁም፤ ብዙ አንብቡ። እያወቃችሁት ካልሰማችሁት የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ ጽሑፉ አብሮት ያለ ድምፅ ነው። ሰምታችሁ ከተታለላችሁ ደግሞ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎች ያስፈልጓችኋል። በእኔ እይታ አብዛኛው የእኛ ሰው ሁለተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። ገንዘቡን ግን አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ያፈሰዋል።

የትኛው ፈተና?

የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ምርጫ የለም። ምርጫ ካላችሁ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

አይኤልትስ 4 ክፍልና 40 ጥያቄ አለው። ድምፁ 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በወረቀት ከተፈተናችሁ መልሱን ወደ መልስ ወረቀቱ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ይሰጣችኋል። በኮምፒውተር ከሆነ ለማየት 2 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ። ስፔሊንግ ከተሳሳታችሁ ነጥቡ ይሄዳል። ነጥቡ የሚሰጠው ከ9 ነው፤ 7 ለማግኘት ከ40ው ወደ 30፣ 8 ለማግኘት ወደ 35 መመለስ ይጠበቅባችኋል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው መጨረሻው ክፍል ላይ ነው። እሱ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር ዓይነት ንግግር ሲሆን መሃል ላይ እረፍት የለውም። አንዴ ቦታው ከጠፋባችሁ መመለሻው ከባድ ነው።

ሲ1 አድቫንስድ 4 ክፍል፣ 30 ጥያቄ፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል። ይህን ሲሰማ "እንግዲህ ይሄ ይቀላል" የሚል ብዙ ነው። አይቀልም። አይኤልትስ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የተባለውን ነገር ነው፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ስም፣ ምክንያት። ሲ1 ግን ተናጋሪው ምን እንደተሰማው፣ በምን እንደተስማማ፣ ምን እንዳልወደደው ይጠይቃል። አራተኛው ክፍል ላይ አምስት ሰዎች ተራ በተራ አጭር አጭር ይናገራሉ። እናንተ ሁለት የምርጫ ዝርዝር ፊታችሁ አስቀምጣችሁ በአንድ ላይ 10 ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ሁለት ጊዜ መሰማቱ የሚጠቅመው መጀመሪያውኑ ሐሳቡን ለያዘ ሰው ነው።

ሲ1ን የሚያስመርጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ አያልፍበትም። የአይኤልትስ ውጤት በአብዛኛው የሚሠራው ለ2 ዓመት ነው። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ ለምትሞክሩ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካምብሪጅ ፈተናውን የሚሰጠው ግን ፈቃድ በሰጣቸው ማዕከላት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕከሉንና ቀኑን አረጋግጡ፣ መጽሐፉ ከዚያ ይደርሳል። አይኤልትስን አዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስል ይሰጣል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጀታችሁ ውስጥ የምዝገባውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን መጓጓዣውንና የማደሪያውን ጭምር ጻፉ። ውጤቱ ሳይበቃ ቀርቶ እንደገና መፈተን ቢመጣ ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ለዝግጅት የምታወጡት ብር ውድ ወይም ርካሽ መሆኑን በዚህ ለኩት።

ቶፍል በሚባለው ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ከጥር 2018 ጀምሮ (በፈረንጆቹ 2026) አቀራረቡም ነጥብ አሰጣጡም ተቀይሯል። በቅናሽ የሚሸጡ የቆዩ የቶፍል መጽሐፎች የድሮውን ፈተና ነው የሚያስተምሯችሁ። ለጆሮ ልምምድ ይሁኑ እንጂ ለፈተናው ብላችሁ አትግዟቸው። የዱኦሊንጎው ፈተና ቤት ተሁኖ በካሜራ እየታየ የሚሠራ ነው፤ ጉዞውን ያስቀራል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ያለ አስተማማኝ ቦታ አትጀምሩት።

መጽሐፉ፣ ኮፒውና ቴሌግራሙ

ኦሪጅናሉ የካምብሪጅ የልምምድ መጽሐፍ ውድ ነው። ይህን አልክድም። ውስጡ ግን 4 ሙሉ ፈተና አለ። እያንዳንዱ ፈተና 4 የማዳመጥ ክፍል ስላለው 16 ድምፅ ማለት ነው። አንዱን ክፍል በደንብ ለሚሠራ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ከወር በላይ ያስጉዛል። አምስት መጽሐፍ ደርድሮ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ከመስማት አንዱን ጨርሶ መሥራት ይሻላል።

ፎቶ ኮፒው ርካሽ ነው፤ ግን ከመክፈላችሁ በፊት መጨረሻውን ገልጡ። ገጽ ለመቀነስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀረው የድምፁ ጽሑፍ ያለበት የመጨረሻው ክፍል ነው። እሱ ከሌለ ጥያቄና መልስ ብቻ ነው የገዛችሁት። ድምፁም ሌላ ጣጣ ነው። የቆዩት መጽሐፎች ከሲዲ ጋር ነበር የሚመጡት፤ አሁን ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ማግኘት ራሱ ችግር ነው። አዳዲሶቹ ድምፁን ከኢንተርኔት በኮድ ያስወርዳሉ።

እኔ ብሆን ኮፒውን ትቼ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው የምፈልገው። ፈተናውን ጨርሰው መጽሐፉ የማያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፤ የድምፁ ጽሑፍ ገጾች ሙሉ ናቸው? ድምፁ በእጃቸው አለ? መልሱ የተሞላው በእርሳስ ነው ወይስ በእስክሪብቶ? በእርሳስ ከሆነ በላጲስ ይጠፋል። በእስክሪብቶ ከሆነ ዓይናችሁ መልሱን እያየ ጆሯችሁ አይሠራም።

ቴሌግራም ላይ ፋይል ሞልቷል። ችግሩ ድምፁ ከአንድ መጽሐፍ፣ ጥያቄው ከሌላ፣ ጽሑፉ ደግሞ ከየትም ሳይሆን መቅረቱ ነው። "የዘንድሮው ፈተና ወጥቷል" እያለ በቴሌብር ብር የሚያስልክ ሰው ደግሞ ሌባ ነው። ከእሱ ራቁ። ፈተናውን አስቀድሞ ያየ ተፈታኝ ከተደረሰበት ውጤቱ ይሰረዝበታል።

ኮርስ ወይስ አስጠኚ?

ብዙ ብር የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ተቀምጦ ድምፁ ከስልክ ስፒከር ሲከፈት አስቡት። ከፊት ያለው ይሰማል። ከኋላ ያለው የሚሰማው ግድግዳው የመለሰውን ነው። ከዚያ መምህሩ መልሱን ይናገራል፣ ተማሪው በቀይ ያርማል፣ ወደ ቀጣዩ ይኬዳል። እንዲህ ያለ ኮርስ ስንት እንዳገኛችሁ ይነግራችኋል። ለምን እንዳመለጣችሁ አይነግራችሁም።

ያመለጠውን የሚያሳየው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ። ወረቀት ላይ "አይ ሹድ ሃቭ ቢን ቶልድ" የሚለውን ማንም ያውቀዋል። ተናጋሪው ግን "አሹደቭቢንቶልድ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። "ሃቭ" የሚባል ነገር ጆሮ ውስጥ አልገባም። አማርኛችን ፊደሉን ከሞላ ጎደል እኩል እኩል እያነሳ ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ይውጣል። "ፊፍቲን"ና "ፊፍቲ"ን የሚለየውም ያ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህ ደግሞ በማብራሪያ አይያዝም። ባቲን ከአምባሰል ቅኝት የምንለየው ማንም አስረድቶን ሳይሆን ደጋግመን ሰምተን ነው፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "መምህር፣ አንዱን ድምፅ ካሰሙን በኋላ ምን እናደርጋለን?" መልሳቸው "እናርማለን፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እናልፋለን" ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። "እየቆራረጥኩ አሰማችኋለሁ፣ የሰማችሁትን ትጽፋላችሁ፣ ከጽሑፉ ጋር እናስተያየዋለን" ካሏችሁ ግን እሳቸው ዘንድ ብር ማውጣት ያዋጣል። የክፍሉን ስፋትና የተማሪውን ብዛትም በዓይናችሁ እዩ።

የግል አስጠኚ በሰዓት ሲሰላ ውድ ነው። የሚያዋጣው ለሦስተኛው ዓይነት ስህተት ነው፤ ሰምተው ለሚታለሉ። ተናጋሪው "ማክሰኞ ይመቸኛል" ይልና ወዲያው "ቆይ፣ ማክሰኞ ስብሰባ አለኝ፣ ሐሙስ ይሁን" ይላል። ማክሰኞን የጻፈ ሰው አልሰማም አይባልም፤ ቸኩሏል። እንዲህ ያለውን ወጥመድ ጥሩ አስጠኚ በጥቂት ቀጠሮ ያሳያችኋል። ለወራት መቅጠር አያስፈልግም።

ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ ደግሞ ኮርሱ ይቅር። አንዱ ጽሑፉን ይዞ ድምፁን በየ10 ሰከንዱ ያቁም፣ ሌላው ይጻፍ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ከደከመ ኮርስ ይሄ ይበልጣል።

አፕና ነፃ ድምፅ

የሚከፈልባቸው አፖች አብዛኞቹ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው ክፍያ የሚቀበሉት። ካርድ ያለው ዘመድ ፈልጋችሁ ብታስከፍሉ እንኳ ብዙዎቹ የሚያለማምዱት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ለዚህ ደረጃ ፈተና ያንሳል። አልመክረውም።

ነፃው ይበልጣል። የቢቢሲ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ የስድስት ደቂቃ ፕሮግራሞች ጽሑፋቸው አብሯቸው አለ። ከፈተናው ግን ትንሽ ይቀላሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያዟቸው። ቴድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉ ንግግሮች ጽሑፍ አላቸው፤ ለአይኤልትስ አራተኛ ክፍል በጣም ይመቻሉ። አንድ ሰው ብቻውን ስለሚናገር ግን ለሲ1 ሦስተኛ ክፍል አይበቁም። እሱ ቃለ መጠይቅ ነውና ሁለት ሦስት ሰው የሚነጋገርበት ፖድካስት ጨምሩበት። በፈረንጆቹ 1959 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ ቀስ ያለ እንግሊዝኛ ብዙ ታላላቆቻችንን ያስተማረ ነው። ፍጥነቱ ግን ለዚህ ፈተና አይሆንም። የአሜሪካ ፊልም ብቻ አይቶ መሄድም አይበቃም፤ አይኤልትስ ላይ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ አነጋገርም ይመጣል።

ዳታ ለምትቆጥቡ፦ የ30 ደቂቃ ድምፅ በሰከንድ በ64 ኪሎ ቢት ጥራት ከተቀዳ 14 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ቪዲዮው የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። ዋይፋይ ባለበት ድምፁን ብቻ አውርዱ፣ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ያዙ። መብራት ቢጠፋም ልምምዱ አይቆምም።

ማዳመጫ

ብሉቱዝ አትግዙ፤ ቻርጅ ሲያልቅ ልምምዱም ያልቃል። ጆሮ የሚሸፍን ባለ ገመድ ሄድፎን ይበቃል። የስልካችሁን ቀዳዳ አይታችሁ ግዙ፤ ክቡ ቀዳዳ የሌለው ስልክ ብዙ ነው። በኮምፒውተር አይኤልትስ ላይ የምትሰሙት በሄድፎን ነው። የወረቀቱ ፈተና ግን በአዳራሽ ስፒከር ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ክፍሉ ጥግ አስቀምጣችሁ ከርቀት ስሙ።

በኪሳችሁ ልክ

ብር በጣም ካጠረ፦ ነፃ ናሙናዎቹ፣ የቢቢሲና የቴድ ድምፅ ከነጽሑፋቸው፣ ባለ ገመድ ሄድፎን እና አብሮ የሚሠራ ጓደኛ። መካከለኛ ካላችሁ፦ በዚህ ላይ አንድ ያገለገለ ኦሪጅናል መጽሐፍ። ከዚያ በላይ ካላችሁ፦ መጨረሻው ወር ላይ ለጥቂት ቀጠሮ ጥሩ አስጠኚ። ሁለተኛና ሦስተኛ መጽሐፍ የሚመጣው የመጀመሪያው 16ቱም ድምፅ ቃል በቃል ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀን ስትመርጡ ደግሞ ሁለት ያልሠራችኋቸው ፈተናዎች አስቀሩ። አንዱን ከመመዝገባችሁ በፊት ሥሩት፤ ከምትፈልጉት ነጥብ በታች ከሆነ ቀኑን ግፉት። ሁለተኛውን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሥሩ። አዲስ አበባም ከፈተናው በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለባችሁ፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ሲጮህበት የዋለ ጆሮ ማረፍ አለበት።