ኮምፖስትን ወደ እንክብል የሚቀይረው አነስተኛ መጭመቂያ፦ ቅርጽ ያስይዛል፣ ዝግታውን ግን እርስዎ ይጨምሩበታል

ባለ ጠፍጣፋ ሳህን መጭመቂያ ማሽን በብዛት የሚታወቀው በመኖ ሥራ ነው። አሁን ከምግብ ትርፍራፊ፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከእበት የተሠራ ኮምፖስትን ወደ እንክብል ለመቀየርም ይሸጣል፤ ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ንጥረ ነገሩን ቀስ እያለ የሚለቅ ማዳበሪያ ያመርታል ይባልለታል። ይህ አባባል ከፊሉ ብቻ ነው እውነት።

ማሽኑ የሚያደርገው ቀላል ነው፦ ሮለሮቹ ዱቄቱን በሳህኑ ቀዳዳዎች በኩል ገፍተው ያወጡታል፣ ከሥር ያለው ምላጭ ይቆርጠዋል። የሚወጣው እንክብል እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ግን በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይፈርሳል። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ብቻ ከጨመቁ፣ አብዛኛው ቶሎ የሚገኝ ናይትሮጅን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃል፤ ማሽኑ ይህን አይለውጠውም። ዝግታው የሚመጣው ከጥሬ ዕቃው ነው። የላባ ዱቄት ናይትሮጅኑ ኬራቲን በሚባለው ፕሮቲን ውስጥ የታሰረ ስለሆነ የአፈር ተሕዋስያን እየፈቱት ነው የሚለቀቀው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ይህ ሥራ በጣም ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፋጠናል።

ለማሽኑ የሚስማማ አንድ ድብልቅ፦ 7 ኪሎ የተነፋ ኮምፖስት፣ 2 ኪሎ የላባ ዱቄት፣ 1 ኪሎ የአጥንት ዱቄት። ኮምፖስቱ 1.5፣ ላባው 12፣ አጥንቱ 3 በመቶ ናይትሮጅን ካላቸው ድብልቁ ወደ 3.7 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የላባው ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ7 በላይ ከሆነ የአጥንቱን ዱቄት ይተዉት፣ ፎስፈረሱ ሳይሟሟ ይቀመጣል። አመድና ኖራም አይጨምሩ። አልካሊው ከማሽኑ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያተንነዋል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የሚጠፋው ማዳበሪያዎ ነው።

ገዢዎች ማሽኑ ተበላሸ የሚሉበት ዋናው ምክንያት እርጥበት ነው። ከ15 እስከ 20 በመቶ ያስፈልጋል። ከዚያ ሲደርቅ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሞተሩ ያቃስታል፤ ሲበዛ ደግሞ እንደ ሊጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በእጅ ጨብጦ መገመት አያዋጣም። 100 ግራም መዝነው በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁ፤ 82 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 18 በመቶ ነው። 10 በመቶ እርጥበት ያለውን 10 ኪሎ ወደ 18 ለማምጣት ወደ 1 ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው በደንብ እንዲሰርግ ሸፍነው ያሳድሩት። እንክብሉ የሚፈረፈር ከሆነ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሞላሰስ ያያይዘዋል፤ የሞላሰሱን ውሃ ግን ከሊትሩ ላይ ይቀንሱ።

ኮምፖስቱ ራሱ መብሰል አለበት። እንክብሉ ከማሽኑ ሲወጣ ስለሚሞቅ ጀርሙ አብሮ ይሞታል ብለው አይተማመኑ፤ ሙቀቱ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ክምሩ ውስጥ የሚፈለገው ቢያንስ 55 ዲግሪ ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ለ3 ቀን፣ በረድፍ ክምር ደግሞ 5 ጊዜ እየተገላበጠ ለ15 ቀን። ለ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከ3 ሚሊሜትር የማይበልጥ ዱቄት ብቻ ያሳልፉ። ጠጠርና ብርጭቆ ሳህኑን ይቧጥጣሉ፣ ምስማር ሮለሩን ይሰብራል፤ ማስገቢያው አፍ ላይ ማግኔት ማሰር ርካሽ መድኅን ነው። እጅ ግን ማሽኑ እየዞረ በጭራሽ ወደዚያ አይግባ።

አዲስ ሳህን ቀዳዳው ሸካራ ነው። ፉርሽካ፣ ደቃቅ አሸዋና የምግብ ዘይት ቀላቅለው ደጋግመው ያሳልፉበት፣ የመጀመሪያውን ምርት ይጣሉ። በሮለሩና በሳህኑ መካከል ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ብረት ከብረት ከተፋጨ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ፤ ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ዱቄቱ ሮለሩ ሥር ይንሸራተታል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይገባም። በሁለቱም በኩል ያሉትን ቡሎኖች እኩል ያጥብቁ። የሮለሩን ኩሽኔታ ግሪስ መቀባት አይርሱ፤ ሥራ ሲያበቁም በዘይት የታሸ ፉርሽካ ያሳልፉ። ያለዚያ ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ኮምፖስት በማግስቱ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ በመሰርሰሪያ አንድ በአንድ ማጽዳት ነው።

እንክብሉ ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው። በስሱ አስጥተው ያቀዝቅዙት፤ ሳይቀዘቅዝ ጆንያ ውስጥ ከከተቱት ላቡ ሻጋታ ያበቅላል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ ይታሸግ። ጥንካሬውን ለማየት አንዱን ውሃ ውስጥ ይጣሉ፤ በደቂቃዎች የሚሟሽሽ ከሆነ ድብልቁ ወይ ደርቋል ወይ ማያያዣ ጎድሎታል።

ለግዢው የምንሰጠው ፍርድ፦ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት በየጊዜው በብዛት ለሚያመርት ይጠቅማል፤ አቧራው ይቀንሳል፣ መጫንና በእኩል መጠን መበተን ይቀላል። ለጓሮ አትክልት ብቻ ከሆነ ያንኑ ድብልቅ በዱቄትነቱ አፈር ውስጥ መቅበር ተመሳሳይ ምግብ ይሰጣል። የሚገዙ ከሆነ ሳህኑና ሮለሩ ለብቻቸው እንደሚሸጡ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው።