ዘጠኝ ወር ከሶል ፉድ ጋር፦ አንቺሆዬን የማያደፈርስ ኦቨርድራይቭ

ታኅሣሥ ላይ ነው እጄ የገባው። የጥር ሰርግ ሊጀምር ሲል። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደሴ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚባል ድርጅት የሚሠራው፣ ሶል ፉድ የሚባለው ኦቨርድራይቭ ፔዳል ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ ሞቅና ትንሽ ሻከር የሚያደርግ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን። አሁን ነሐሴ ገብቷል፣ ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ ፔዳሉም ዘጠነኛ ወሩን ይዟል። ቤት ውስጥ ማታ ማታ እለማመድበታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ኮምቦልቻ ወርደን ስንጫወትም ከእግሬ ሥር አይጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፍ ኖሮ ግማሹ ስህተት ይሆን ነበር፣ ምክንያቱም ያኔ ያማረኝ ድምፅና ዛሬ የምጠቀምበት ድምፅ ፈጽሞ አይገናኙም።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ከባድ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን በጣም የሚያዛባ ፔዳል ነበር። ትዝታ ላይ ነጠላ ኖታ እየጎተትኩ ሶሎ ስጫወት ደስ ይላል፤ ድምፁ ይረዝማል፣ ያለቅሳል። አንቺሆዬ ላይ ሁለት ክር አንድ ላይ ስመታ ግን ሁሉም ነገር ይደፈርሳል። የትኛው ኖታ እንደሆነ አይለይም። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሰዱበት አገር እየኖርኩ ቅኝት የሚያደፈርስ ዕቃ ይዤ መድረክ መውጣት ከነከነኝ። ክራር የሚመቱልን አባት አንድ ቀን ልምምድ ላይ ቆም አሉና "ልጄ፣ ምን እየተጫወትክ እንደሆነ ጣትህን አይቼ አውቃለሁ፣ በጆሮዬ ግን አልሰማውም" አሉኝ። ፔዳል ፍለጋ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለምርጫ በጣም ይጠቅማል። ሁለት ኖታ አንድ ላይ ሆነው በዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፉ ያልመታችኋቸው ሌሎች ድምፆች ይፈጠራሉ። አንዱ የሁለቱ ልዩነት ነው። ለምሳሌ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ) የሆነውን ላ የሚባለውን ኖታ ከአምስተኛው ኖታ፣ ከ660 ገደማ ጋር ብትመቱ ልዩነቱ 220 ይሆናል። ያ ራሱ ላ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ሮክ ተጫዋቾች በአምስተኛ ኮርድ ሲመቱ ዲስቶርሽኑን ያለ ስጋት የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ የሚፈጠረው ድምፅ ራሱ ኮርዱን ያግዛቸዋል። አንቺሆዬን ከላ ብትጀምሩት ግን ቀጣዩ ኖታ ግማሽ ድምፅ፣ ጊታር ላይ ያለችው ትንሿ እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። 440 እና 466። ልዩነቱ 26 ኸርዝ ነው። ይህ ኖታ አይደለም፣ ጉርምርምታ ነው። አምባሰልም መነሻው ላይ ያችው ግማሽ ድምፅ አለችው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግማሽ ድምፅ ጭራሽ ስለሌለ ነው ብዙ ዲስቶርሽን የሚችለው። እኔ ለዓመታት እጄን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ለካ ቅኝቱና ፔዳሉ ነበሩ ያልተስማሙት።

ትራንስፓረንት የሚባለው ዓይነት ኦቨርድራይቭ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። ትራንስፓረንት ሲሉ የጊታሩንና የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ጠባይ ሳይሸፍን ድምፁን ሞቅ የሚያደርግ ማለታቸው ነው። ሶል ፉድ መነሻው ክሎን ሴንታወር የሚባል የቆየ ፔዳል ነው። ክሎንን ቢል ፊኔጋን የሚባል አሜሪካዊ ነው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበያ ያወጣው። ወደ 8,000 ገደማ ተሠርቶ ቆመ። ዛሬ አሮጌው በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የዚያ ሰርኪዩት ብልሃት የተዛባው ድምፅ ብቻውን አለመውጣቱ ነው። ንጹሑ የጊታር ድምፅ በሌላ መንገድ በጎን ያልፍና መጨረሻ ላይ ይቀላቀለዋል። ድራይቩን ስትቀንሱ ንጹሑ ያመዝናል፣ ስትጨምሩ የተዛባው ያመዝናል። ስለዚህ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ኖታዎች ስመታ ጉርምርምታው ጨርሶ ባይጠፋም ንጹሑ ከሥሩ ሆኖ ኖታዎቹን ለይቶ ያሰማል። ክራሩም ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ።

ትራንስፓረንት የሚለውን ስም ግን እንዳለ አትመኑት። ፔዳሉ መካከለኛውን ድምፅ፣ ወደ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ ከፍ ያደርጋል። ስታበሩት ጊታሩ አንድ እርምጃ ወደፊት የቀረበ ይመስላል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ኪቦርዱ፣ ድራሙና ዘፋኟ ባሉበት መድረክ ያቺ እርምጃ ታስፈልጋለች። ከጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት የተዋስኩት ቲዩብ ስክሪመር የሚባል ሌላ ኦቨርድራይቭም መካከለኛውን ያነሳል፣ ግን ወፍራሙን ድምፅ አስቀድሞ ቀንሶ ነው። ለሶሎ ግሩም ነው። ወፍራም ክሮች ላይ የቤዝ መስመር ደርቤ ስጫወት ግን ድምፁ ሳሳብኝ፣ ስለዚህ መለስኩለት። ወፍራሙንም ቀጭኑንም ለየብቻ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ቲሚ የሚባለውን ፔዳል ቢያይ ይሻለዋል። ሶል ፉድ ያለው ሦስት ማዞሪያ ብቻ ነው፦ ድምፅ (ቮልዩም)፣ ድራይቭ (የማዛባቱ መጠን) እና ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ)። ለእኔ በቂ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የዚህ ዓይነት ፔዳል የተሻለ የሚሠራው ራሱ ድምፁን ማዛባት ሊጀምር አፋፍ ላይ የደረሰ የቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በቫኩም ቲዩብ የሚሠራ) ፊት ሲቀመጥ ነው። አምፑን ገፋ ያደርገዋል፣ ጣዕሙ የሚመጣው ከቲዩቡ ነው። እኛ ጋ ግን ቲዩብ አምፕ ያለው ስንቱ ነው? የእኔ 15 ዋት ትራንዚስተር ነው። ኮምቦልቻ የምንጫወትበት አዳራሽ ደግሞ የጊታር አምፕ ስለሌለ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምሰካው። የመጀመሪያው ቀን ድራይቩን ግማሽ አድርጌ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁት። የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ፣ ጆሮ የሚበላ ጩኸት ወጣ። ፔዳሉ ምንም አልሆነም። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ሹል ድምፅ በተፈጥሮው ይቆርጣል፤ የአዳራሽ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ከዚያ ወዲህ ሚክሰር ላይ ስሰካ ድራይቩን በጣም ዝቅ፣ ትሬብሉን ከሩብ በታች አደርጋለሁ፣ ሚክሰሩ ላይ ያለውንም ቀጭን ድምፅ እቀንሳለሁ። አሁን ይሰማል፣ ደስም ይላል። ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ የምትሰኩበትን ነገር አስቡ። ሁሌ ሚክሰር ላይ ከሆነ፣ የስፒከር ድምፅ የሚያስመስል ነገር ያለውን መልቲ ኢፌክት (ብዙ ፔዳል በአንድ ሣጥን) ብትገዙ ገንዘባችሁ የተሻለ ቦታ ላይ ይውላል።

ቤት ውስጥ ግን፣ በትራንዚስተሯ አምፕ፣ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰጥቶኛል። ድራይቩን የግድግዳ ሰዓት ላይ 9 ቁጥር ባለበት፣ ድምፁን ከ12 ትንሽ አሳልፌ እተወዋለሁ። ከዚያ ፔዳሉን አልነካውም። ሥራው ሁሉ የጊታሩ ቮልዩም ነው። እስከ ስድስት ሳወርደው ጥርት ይላል፣ አሥር ላይ ሳደርሰው ይቆጣል። በቀስታ ብነካ ለስላሳ ነው፣ ጠንከር ብዬ ብመታ ይጮኻል። ባቲ ስጫወት ዘፋኟ ስትገባ ወረድ፣ ስታርፍ ከፍ አደርጋለሁ፤ እግሬን ሳላንቀሳቅስ። ከባዱ ዲስቶርሽን ይህን አያውቅም ነበር። በቀስታ ነካሁት፣ በጉልበት መታሁት፣ ለእሱ ያው ነው። ልክ አራተኛው ወር ላይ ነው የገባኝ፦ ቀኝ እጄ ራሱ ተለውጧል። ድሮ የማልሰማውን አመታቴን እየሰማሁ አርሜዋለሁ።

ስለ መብራት ትንሽ ልበል። ፔዳሉ የሚፈልገው 9 ቮልት ነው፣ ጫፉ ኔጌቲቭ የሆነ መሰኪያ። ከውስጥ ራሱ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ስለሚሠራ 18 ቮልት እንዳትሰጡት። ከአሜሪካ አብሮት የመጣውን አዳፕተር ልሰካ ስል ፒያሳ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ጎረቤቴ እጄን ያዘኝ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ይላል። የእኛ 220 ነው። "አብሽር፣ ሌላ እንፈልጋለን" አለኝ። ከገበያ የገዛነው የመጀመሪያው አዳፕተር ደግሞ ሰዎች ዝም ባሉ ቁጥር እንደ ንብ ቀፎ ዝዝ ይል ነበር። ሦስተኛው ጸጥ አለ። መብራት ሲሄድ በጄኔሬተር ስለምንጫወት አሁን ሁልጊዜ የ9 ቮልት አልካላይን ባትሪ ኪሴ ውስጥ አለ። አንድ ነገር አትርሱ፦ የጊታር ገመዱ መግቢያው ላይ እንደተሰካ ከቆየ፣ ፔዳሉ ቢጠፋም ባትሪው ያልቃል። ስትጨርሱ ንቀሉት። ይህን ሳላውቅ ሁለት ባትሪ አቃጥያለሁ።

ውስጡ ትንሽ ማብሪያ አለች። አንዱ በኩል ትሩ ባይፓስ ነው፤ ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ እንዳለ በቀጥታ ያልፋል። ሌላው በፈር ነው፤ ሲጠፋም ድምፁ በረጅም ገመድ ውስጥ እንዳይደክም ያግዘዋል። ረጅም ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ በፈር አዙሯት። አዳራሹ ውስጥ ከጊታሬ እስከ ሚክሰሩ ገመዱ ረጅም ነው፤ ፔዳሉ ሲጠፋ ድምፄ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። ጀርባውን ፈትቼ በፈር ላይ ካደረግኳት ወዲህ ቀረ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ በሚኒባስ ወንበር ሥር ሲንገላታ ነው የከረመው። ቀለሙ ጥግ ጥጉ ላይ ተልጧል፣ ማዞሪያዎቹ አልላሉም። ሰኔ ላይ መንቋቋት ጀምሮ ደንግጬ ነበር፤ ገመዴ ነበር፣ ጫፉ ተበጥሶ።

ሜታል የሚጫወት ሰው አይግዛው፤ ድራይቩ እስከ መጨረሻው ቢጠመዘዝም እዚያ አይደርስም። ቅኝት ለሚጫወት፣ ከክራርና ከድምፃዊ ጋር ለሚሠራ ግን ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ። ማዞሪያዎቹ ዙሪያ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ሁለት ሁለት ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፦ "ደ" ለቤት፣ "ኮ" ለአዳራሹ። ባለፈው ቅዳሜ ክራር የሚመቱት አባት ጎንበስ ብለው አዩዋቸውና በጣታቸው ትሬብሉን ከ"ኮ" ትንሽ ዝቅ አደረጉት። እዚያው ላይ አዲስ ምልክት አድርጌያለሁ።