ለአራሶች የተከፈተው የቴክስት መስመር ለኛ ሴቶች ይሆናል ወይ?

እህቶቼ ይሄን የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ አሁን አራስ ለሆናችሁ ወይ ቀናችሁ ለደረሰ ነው። ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች የአእምሮ ጤና የተከፈተ የስልክ መስመር አለ፣ ናሽናል ማተርናል ሜንታል ሄልዝ ሆትላይን ይባላል፣ ቁጥሩ 1-833-852-6262 ነው፣ ነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም በዓልም ቢሆን ይሠራል፣ መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል። የፌዴራሉ መንግሥት ነው በሜይ 2022 የእናቶች ቀን ላይ የከፈተው። እኔ የተጠቀምኩት በቴክስት ስለሆነ በብዛት የማወራው ስለሱ ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ደሞ በደንብ እነግራችኋለሁ ምክንያቱም ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካናል።

ለምን ቴክስት? የኛን የአራስ ቤት ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ሰው ይሞላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ይመጣል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ስሞሽ ይቀመጣል፣ ማንን ትመስላለች፣ ጡት ትይዛለች ወይ፣ ክርስትናው 80 ቀን ሲሞላ የት ነው፣ ወሬው ሁሉ ስለ ልጅቷ ነው። ሰኞ ሲመጣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ባልሽም ሺፍቱን ይገባል፣ ቤቱ ጭር ይላል። አገር ቤት ቢሆን አራስ ብቻዋን አትተውም፣ እናት አለች እህት አለች ጎረቤት ይገባል ይወጣል። እዚህ ግን ወይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል ወይ ማንም የለም። ሰው እያለ ስልክ አንስተሽ "ልጄን ሳያት ምንም አይሰማኝም" አትይም፣ ከጎን ክፍል ይሰማል። ሰው ሲሄድ ደሞ ድምፅሽ አይወጣም፣ ለማውራት አፍሽን ስትከፍቺ እንባ ይቀድምሻል። ጣት ግን ይጽፋል። ልጅሽን በአንድ እጅ ይዘሽ እያጠባሽ በሌላው ትጽፊያለሽ፣ ማንም አይሰማሽም፣ ስታለቅሺ ቆም ብለሽ እንደገና ትቀጥያለሽ፣ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ትጠብቅሻለች።

እኔ የጻፍኩት ሌሊት ነበር፣ ልጄ ተኝታ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ማሽን ነው ሰው ነው ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፣ ግን ከሁለት ሦስት ሜሴጅ በኋላ ሰው መሆኗ ያስታውቃል፣ የጻፍኩትን አንብባ ነው የምትመልሰው። መጨረሻ የተኛሽው መቼ ነው፣ ምግብስ ዛሬ በልተሻል፣ ማን አብሮሽ አለ ብላ ጠየቀችኝ። ራስሽን ወይ ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ ብላም በግልጽ ጠየቀች፣ ስታነቡት ያስደነግጣል ግን ጥሩ አድርጋ ነው የጠየቀችው፣ እስከዛ ቀን እኮ ማንም አልጠየቀኝም። ስሜን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያ ስሜን ብቻ ነው የሰጠኋት ያ በቂዋ ነበር። "ጠንካራ ሁኚ" አላለችኝም። "ስንቱ ልጅ አጥቶ ያለቅሳል አንቺ ተሰጥቶሽ" አላለችኝም። እነዚህን ሁለቱን ከኛ ሰው ሰምታችሁ የምታውቁ ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ግን ጠብቃችሁ እንዳትገቡ፣ ይሄ ቴራፒ አይደለም። መድኃኒት አያዙም፣ በየሳምንቱ እየጠሩ አይከታተሉሽም። ሥራቸው የዛን ሰዓት አብሮሽ መሆንና ወደ ሐኪም፣ ወደ ቴራፒስት፣ እናቶች እርስ በርስ ወደሚደጋገፉበት ሰፖርት ግሩፕ መንገዱን ማሳየት ነው። እኔ የተሰጠኝን ይዤ በማግስቱ ደወልኩ፣ ቀጠሮ ለማግኘት ግን ጊዜ ወስዷል። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ያላችሁ ደሞ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሽፋኑ ከወሊድ በኋላ 12 ወር ድረስ ይቆያል፣ ድሮ 60 ቀን ነበር፣ ብዙ ሰው አሁንም ያለቀ እየመሰለው ቀጠሮ ይሰርዛል።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። ቴክስቱ የሚሠራው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ከደወልሽ ግን በ60 ቋንቋዎች አስተርጓሚ ያቀርባሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳት፣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ ሲወጣ ማንንም የማታውቅ እህታችን ሰው ሳይሰማት መጻፍ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፣ ግን ለሷ የተተወላት ድምፅ አውጥቶ በአስተርጓሚ ማውራት ነው። አስተርጓሚው ደሞ የኛው ሰው ነው። ሐበሻ በሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሴት መጀመሪያ የምታስበው "ይሄ ሰው ያውቀኝ ይሆን፣ ቤተክርስቲያን ያየኝ ይሆን" ነው። አስተርጓሚ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ በሱ ምክንያት ሳይደወል መቅረት የለበትም፣ ግን ፍርሃቱን አትፈርዱባትም። ፊደላችን ስልክ ላይ ከገባ ስንት ዘመኑ ነው፣ በአማርኛ እየተየብን ነው ቀኑን ሙሉ የምንውለው፣ አማርኛ የሚችሉ ነርሶችና ሶሻል ወርከሮች ዲሲ አካባቢ ሞልተዋል። የአማርኛ ቴክስት ቢጀመር እኔ አምስተኛዋን ኮከብ ወዲያው እመልሳለሁ።

ሌላ አማራጭም አለ። ፖስትፓርተም ሰፖርት ኢንተርናሽናል ከወሊድ ጋር በተያያዘ ለሚጨነቁ እናቶች ድጋፍ የሚሰጥ፣ ከ1987 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ በ1-800-944-4773 ቴክስት ታደርጊላቸዋለሽ። እነሱ የድንገተኛ መስመር አይደሉም፣ ሌሊቱን ሙሉም አይመልሱም፣ ስለዚህ ለጨነቀሽ ሌሊት የመጀመሪያው ይሻላል። የነሱ ጥሩነት ነፃ የኦንላይን ግሩፖቻቸው ናቸው፣ ለጥቁር እናቶች የተለየ ግሩፕም አላቸው። አንዳንዶቻችን "እኔ ሐበሻ ነኝ ያ ለኔ አይደለም" እንላለን፣ እኔ ግን ግቡ ነው የምለው። ሆስፒታል ስትገቢ የሚያዩሽ እንደ ጥቁር ሴት ነው። እዚህ አገር ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የጥቁር እናቶች ሞት ከነጮቹ 3 እጥፍ ገደማ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ድብርት ሲይዛቸውም ሕክምና የመጀመር ዕድላቸው ያነሰ እንደሆነ በጥናት ታይቷል። እዛ ግሩፕ ውስጥ "አመመኝ ስል አላመኑኝም" የምትል ሴት ስታገኚ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ስለ ማመን ካነሳን፣ 6ኛ ሳምንቴ ላይ የሄድኩበት ክሊኒክ 10 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጥተውኝ ሞልቼ መለስኩ፣ ማንም አንድ ቃል ሳይናገረኝ ወጣሁ። ወረቀቱ የወሊድ ድብርት ምልክትን የሚለየው፣ የኤድንብራ መመዘኛ የሚባለው ነው፣ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜትሽን ነው የሚጠይቅሽ፣ አማርኛውም አዲስ አበባ ባሉ እናቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጥቷል። ስለዚህ "በአማርኛ ስጡኝ" ማለት ትችላላችሁ፣ "ውጤቴ ስንት መጣ" ብላችሁም ጠይቁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ባላችሁን ወይ ትልቋን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ በነሱ ፊት እውነቱን አትናገሩም።

"እኔ ያለብኝ ድካም ነው" ለምትሉ፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የብዙ ሰው ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዛ ካለፈ፣ ልጁ ተኝቶ እንኳን መተኛት ካቃተሽ፣ ንዴቱ ካልበረደ፣ "እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ያ ሌላ ነው። እዚህ አገር ከ8 እናቶች አንዷ የድብርት ምልክት እንዳለባት ትናገራለች። ይታከማል፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሐኪም ጋ የሚወሰን ነው። ጠበሉንም ጸሎቱንም ማንም አይከለክልሽም፣ እኔም አልተውኩም፣ ሐኪሙን ግን አያስቀርም።

ባሎች፣ እህቶች፣ ጓደኞችም መጀመሪያ ላይ ለነገርኳችሁ የ1-833 መስመር መጻፍ ይችላሉ፣ ለእናቲቱ ብቻ አይደለም። "ሚስቴ አትበላም አታወራም ምን ላድርግ" ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ወንዶች ይሄን በደንብ ስሙ። አንድ ነገር ግን ቴክስት አይጠብቅም። አራሷ የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ካለች፣ ልጁ የኔ አይደለም ወይ ሰይጣን ገብቶበታል ካለች፣ ቀናት ሳትተኛ እየተንቀለቀለች ከሆነ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ቤት አይቀመጥም፣ 911 ይደወላል፣ እሷም ልጁም ለአፍታ ብቻቸውን አይተዉም። ራሷን ማጥፋት እያሰበች ከሆነ ደሞ 988 አለ፣ እሱም ይደወልለታል ቴክስትም ይደረግለታል። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ የባላችሁም ስልክ ላይ ጭምር።